ከኋላ ሆኖ መንዳት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መኪና ያለው የድሮ ተማሪዬ ሁሉ መንገድ ላይ ካገኘኝ ሳይሸኘኝ አያልፍም። ከፊት ያለውን በር ከፍቶ «ቲቸር ዘነበች፣ ግቢ!» ይለኛል። እኔ አመስግኜ የኋላውን በር እከፍታለሁ። አንዳንዱ አነዳዱን የፈራሁ ይመስለውና ይደነግጣል። አንዳንዱ ራሴን እንደ ሚኒስትር የቆጠርኩ መስሎት በልቡ ይስቃል። አንዷማ «ታክሲ መሰልኩሽ እንዴ?» ብላ ከሀይሌ ጋርመንት እስከ መካኒሳ ስትነጫነጭ ሄዳለች። ከኋላ መቀመጥ ልማዴ ነው። እንዴት እንደለመድኩት ለመናገር ግን ከአንድ ቃል መነሳት አለብኝ።

ቃሉ «መንዳት» ነው። እንጀራዬን የበላሁበት ቃል ነው። የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ ነድቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ እዚሁ ለቡ አንድ ማሰልጠኛ ውስጥ ስንቱን ሰው መንዳት ሳስተምር ኖርኩ። የተሸኘሁ ዕለት ሥራ አስኪያጃችን ወረቀት ዘርግቶ «ወይዘሮ ዘነበች በማሽከርከር ሙያ ረጅም ዘመን አገልግለዋል» ሲል ሳቄ መጣ። እኔ በሕይወቴ አንድም ቀን አሽከርክሬ አላውቅም! ማነው «ወንድሜ፣ መኪናህን ላሽከርክርልህ» የሚለው? መጽሐፉ ላይ ማሽከርከር ነው፣ የሰው አፍ ላይ መንዳት ነው፣ የጀሞ ልጆች ዘንድ ደግሞ መሾፈር ነው። ካርዱ ላይ የፈለገውን ይጻፍ፣ ያወጣው ሰው ግን «መንጃ ፈቃድ አወጣሁ» ብሎ ነው ለእናቱ የሚደውለው። ማሽከርከር ማዞር ነው፤ ጎማውን ብቻ ነው የሚያየው። መንዳት ሌላም ነገር ያያል። ምን እንደሚያይ ሲገባኝ ግን ጡረታዬ ደርሶ ነበር።

መንዳት ያስተማረኝ ጋሽ በላቸው ነው። በዚያ ዘመን አንድ የመንግሥት የጭነት ድርጅት ሴት ሾፌሮች ላሰልጥን ብሎ ጥቂት ልጆች ሲወስድ እኔ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ትኬት መቁረጥ ሰልችቶኝ ነበርና ሄድኩ። ጋሽ በላቸው አጭር፣ ጣቱ ወፍራም፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። ረጅሙን ተሳቢ የሚጎትተው መኪና የእሱ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሮጬ ጋቢናው ላይ ልወጣ ስል በክርኔ ያዘኝና ወደ ኋላ፣ ወደ ባዶው ተሳቢ ጫፍ ወሰደኝ።

«እዚህ ተቀመጪ» አለኝ።

«ልነዳ እኮ ነው የመጣሁት ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ገመዱን አጥብቀሽ ያዢ።»

ዛሬ ቢሆን ትራፊክ ሁለታችንንም ይቀጣን ነበር። በግቢው ዞረን ወጥተን የሳሪስን መንገድ ይዘን ተመለስን። ስወርድ ፀጉሬ በአቧራ ነጭ ሆኗል። «ምን ተሰማሽ?» አለኝ። «ምን ይሰማኛል፣ አቧራ ነዋ!» አልኩት። «እንግዲያው ነገም እዚያው ነሽ» አለኝ። ጓደኞቼ ሌሎች መኪኖች ላይ መሪ ይዘው እያየሁ እኔ በተሳቢ ጫፍ እንደ ጆንያ እጫናለሁ። አናደደኝ። ግን ሲውል ሲያድር እየሰማሁ መጣሁ። ጉድጓዱን የትኛው ጎማ እንዳገኘው አውቃለሁ። መታጠፊያ ላይ የተሳቢው ጅራት የፊቱን መንገድ እንደማይከተል፣ ወደ ውስጥ አቋርጦ የሰው አጥር እንደሚጠጋ አየሁ። ፍሬን ሲያዝ የኋላው የፊቱን እንደሚገፋው በመቀመጫዬ ተረዳሁ። ይህን ሁሉ ስነግረው ነው ወደ ረዳት ወንበር ያሳደገኝ፤ መሪ ያስያዘኝ ከዚያም በኋላ ነው።

ሌሎች ልማዶቹን ያኔ እንደ ሽማግሌ ዐመል ነበር የማያቸው። ከመነሳቱ በፊት መኪናውን የሚዞረው ከኋላ ጀምሮ ነው። በእጁ ቀጭን የወይራ ዱላ አለ፤ እያንዳንዱን ጎማ ቸብ ቸብ አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ተሳቢውን «እሷ» ይላታል። ቁልቁለት ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ እስከ ጫፍ ሄዶ መዳፉን ወደ ጎማው ጠጋ አድርጎ ፍሬኗ መጋሉን ያያል። «እሷ ደክማለች» ካለ እናርፋለን። ምሳ ቤት ሲገባ ከመቀመጡ በፊት በመስኮት እሷን ያያል። እኔ ደሞዜንና የማይደርሰውን የውሎ አበሌን ሳስብ እሱ የሚያስበው ስለሷ ነበር።

ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ መጣ።

ያ ተሳቢ የራሱ የፊት ጎማ የለውም። ግንባሩን በጎታቹ መኪና ወገብ ላይ አሳርፎ ነው የሚሄደው። ወደ ፊት ሲሄዱ እንደ ጨዋ ልጅ ይከተላል። የኋላ ማርሽ ያስገቡ ዕለት ግን ሌላ ፍጡር ነው። በትንሽ መኪና ወደ ኋላ ስትሄድ ጅራቷ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለግህ መሪውን ወደ ቀኝ ታዞራለህ፣ አለቀ። ተሳቢው ላይ ይህን ካደረግህ ጅራቱ ወደ ግራ ይሄድብሃል። ደንግጠህ ስታበዛው ይታጠፍና ጋቢናህ ላይ ይመጣል። ይህን በአፌ አሳምሬ እናገራለሁ፤ እጄ ግን አልሰማኝም። ጋሽ በላቸው በጎኔ እየሮጠ በዱላው አየሩን ይመታል።

«አትምሪው! ንጂው!»

«መሪ አስይዘኸኝ አትምሪ ትለኛለህ?»

«ከኋላው እኮ ነሽ!»

«ኧረ ጋሼ ከፊቱ ነኝ! ጋቢና ውስጥ ነኝ!»

ይቆማል፣ አፉን ይከፍታል፣ ቃል ያጣል፣ ራሱን ነቅንቆ «ድገሚው» ይላል። በቃል የሚጫወትብኝ ይመስለኝ ነበር።

የፈተናው ዕለት ተሳቢውን ወደ ኋላ ወስጄ የመጋዘኑ በር ላይ ማስጠጋት ነበረብኝ። የዲፖው ኃላፊ ቆሟል፣ ሾፌሮች በሙሉ ተሰብስበዋል። ከኔ ቀጥላ የምትፈተነው ልጅ ጓንቷን አጥልቃ ትጠብቃለች። መሃል ድረስ ደህና ሄድኩ። ከዚያ ጅራቱ ወደ ግራ ዘመም ሲል በደመ ነፍስ ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። ታጠፈ። ፍሬን ከመያዜ በፊት የበሩን የሲሚንቶ ምሰሶ ሲሰብረው ሰማሁ። የተጎዳ ሰው የለም። ኃላፊው ገና ከጋቢና ሳልወርድ ጮክ ብሎ «በቃ፣ ሴቶቹን ከተሳቢ አውጧቸው» አለ። ሴቶቹን! ዞር ብዬ ሳይ ያቺ ልጅ ጓንቷን ታወልቃለች። ሳትነዳ ወደቀች። ምሰሶው በማግስቱ ተጠግኗል፣ እኔንም ማንም አልቀጣኝም። የሚያመኝ ያ ጓንት ነው።

ጋሽ በላቸው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ያላስረዳሁሽ። በእግሬ የማውቀውን ነገር በአፌ መናገር አልችልበትም» አለኝ። «በእግሬ» ያለው ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አልቅሼ ስለነበር አፍንጫዬን መጥረግ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተሳቢ አልነካሁም። ሰርቪስ ላይ ተመደብኩ፤ የፋብሪካ ሴቶችን ማለዳ ከየሰፈራቸው ሰብስቤ ወደ ሥራቸው አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። ሥራው ደስ ይል ነበር፣ ዘፈን አለ፣ ሐሜት አለ። ቆይቶ ወደ ማሰልጠኛው ገባሁ። አዲስ ሰልጣኝ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ዓይኑን አስጨፍኜ እነዳዋለሁ። «ከፍያለሁ እኮ!» የሚል አይጠፋም። ሥራ አስኪያጁም ነዳጅ ታባክኛለሽ ብሎኛል። አልተውኩትም።

ጋሽ በላቸው ያረፈው መካኒሳ በሚገኘው ቤቱ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከገጠር ከመጣ ታናሽ ወንድሙ ጋር ተቀምጠን ስለ ዱላው አነሳሁ። ሰውየው ፈገግ አለ። «ዱላውንማ ያመጣው ከከብቱ ጋር ነው» አለኝ። ጋሽ በላቸው መኪና ከመንካቱ በፊት ከብት ነጂ ነበር ለካ! የነጋዴ ከብት ከአርሲ አንስቶ በእግሩ እያስኬደ፣ ወንዝ እያሻገረ፣ እስከ ቄራ ድረስ ያደርሳል። «ነጂ ከኋላ ነው የሚሄደው» አለኝ ወንድሙ። «የሚያነክሰው፣ የሚደክመው፣ የሚጠፋው ከኋላ ስለሆነ።»

እዚያው ድንኳን ውስጥ ቃሉ ያዘኝ። ከብትም ይነዳል፣ መኪናም ይነዳል። ዕድሜ ልኬን ስለው አንድም ቀን ገልብጬ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ አንድ መሪጌታ ሊሰለጥኑ መጡ። ልጃቸው መኪና ልኮላቸው ነው። ፍሬንና ፍሪሲዮን እየተደባለቀባቸው እንኳ ስለ ቃል ከጠየቅኋቸው ፊታቸው ይበራል። «ግእዙ ነድአ ይላል» አሉኝ። «ከብትን ከኋላ ሆኖ ማስኬድ ነው። መርሐ ግን ከፊት ሆኖ መንገድ ማሳየት ነው፤ መሪ የሚባለው ከዚያ መጣ።»

«ታዲያ አባቴ፣ እጄ ላይ ያለው ክብ ነገር መሪ ተብሎ እኔ ነጂ የምባለው ለምንድነው? አንዳችን ከፊት፣ አንዳችን ከኋላ?»

«እሱን መኪናውን ያመጡትን ጠይቂ።»

«በርስዎ መዓርግ ውስጥም እኮ መሪ አለ። ቅኔ ማኅሌቱ ይከተልዎታል፣ ይቺ መኪና ግን አልከተል አለችዎ።»

ሲስቁ ሞተሩ ጠፋባቸው። መንገድና ነጋዴም ወንድማማች ናቸው አሉኝ፤ ነገደ ማለት መጀመሪያ ተጓዘ ማለት ነበር። ስለ ነዳጅ ግን አሳፈሩኝ። ነዳጅ የተባለው መኪናውን ስለሚነዳው ነው እያልኩ ለስንቱ ሰልጣኝ አስተምሬ ነበር! «የለም ልጄ፣ ስለሚነድ ነው» አሉኝ። አፍሬም ደስ አለኝ፤ አዲስ ነገር ማወቅ እወዳለሁ።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ቃሉ ወደ ሰው ሲዞር መልኩ ይከፋል። «ስሜቱ ነድቶት» ስንል ልቡን የሳተ ሰው ነው የሚታየን። «ሕዝቡን እየነዱት» ከተባለ ክፉ ነገር መጥቷል ማለት ነው። ሰው መነዳት አይወድም። ሆኖም ሚኒባስ ውስጥ የተደረደረው ተሳፋሪ፣ እቅጩን ብንነጋገር፣ እየተነዳ ነው። መሪውን የያዘው ሰው ይህን ቢያስብ ጉድጓድ ሲያይ እጁ ይለሰልስ ነበር እላለሁ። ሰልጣኞቼን ከኋላ የማስቀምጣቸው ለዚህ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ጋሽ በላቸው «ከኋላው እኮ ነሽ» ያለኝ ነገር ግን እንደተቋጠረ ነበር።

የፈቱልኝ ኦቦ ቱሉ ናቸው።

ኦቦ ቱሉ የለቡ ሰው ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚሁ ነው የኖሩት። ዛሬ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ፎቅ የቆመበት ቦታ ጤፍ ሲያጭዱበት ትዝ ይላቸዋል። መሬቱ ሄዶ የቀረችው ግቢያቸውና ጥቂት ላሞች ናቸው። ወተቱን ለፎቆቹ ነዋሪዎች ይሸጣሉ። ግን የግጦሽ ሣር አልቋል፤ ላሞቹ በኮንዶሚኒየም መሃል ፌስታል እየበሉ ሁለቱ ታመሙ። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ወንድማቸው «ግማሾቹን ወደኔ አምጣቸው፣ ሣር አለ» አላቸውና ወሰዱለት። ከዚያ ወተት ለማመላለስ አሮጌ ፒክአፕ ገዙ። ሾፌር ቀጥረው ነበር፤ ወተት ጠዋት በሰዓቱ ካልደረሰ ይበላሻል፣ ሾፌሩ ደግሞ ከእንቅልፉ የሚነሳው ሲመቸው ነው። ስለዚህ ራሴ እነዳለሁ ብለው፣ ፂማቸው ሸብቶ፣ ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ክፍል ገቡ። ሴት ልጃቸው አያንቱ አልወደደችውም። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ! ካለፍክ አለፍክ፤ ከወደቅክ ግን ከብቱን ሸጠን እንረፍ» አለቻቸው። ቃል አስገባቻቸው። የቄራ ገዢም አፈላልጋ አገኘች። እኔ ጡረታ ልወጣ ቀናት ቀርተውኛል፤ እሳቸው የመጨረሻ ሰልጣኜ ናቸው።

የጽሑፉን ፈተና አለፉ። ወደ ፊት ሲነዱ እሰይ የሚያሰኝ ነው፤ ለእግረኛ ይቆማሉ፣ ለውሻ ይቆማሉ፣ አይቸኩሉም። ወደ ኋላ ሄዶ በምሰሶዎቹ መሃል ማቆም ላይ ግን እንዳለ ይበላሻል። ወደ ቀኝ ስላቸው ወደ ግራ ያዞራሉ፤ ወደ ግራ ስላቸው ወደ ቀኝ። ሁለቴ ተፈትነው ሁለቴ ምሰሶ ጣሉ።

«ኦቦ ቱሉ፣ ቀኝዎን ያውቁታል አይደል?»

«በደንብ ነዋ!»

«ታዲያ ለምን ወደ ግራ ያዞራሉ?»

«እኔ ወደ ቀኝ ነው የላክኋት። እሷ ናት እምቢ ያለችው።»

«እሷ» ሲሉ አንድ ነገር ሽው አለብኝ፤ ግን አልያዝኩትም። ተናደድኩ፣ ጮህኩባቸው። አልተቀየሙም፤ ከመኪናው ወርደው ኮፈኑን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀራቸው። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ፤ ልመክራቸው ነው የሄድኩት፣ ምን ብዬ እንደምመክር ግን አላውቅም።

ሲመሽ ደረስኩ። ኦቦ ቱሉ እዚህ የቀሩትን ላሞቻቸውን ከሜዳው እየመለሱ ነው። የግቢያቸው በር ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ በስተቀኝ ነው፤ በግራ የፎቁ አጥር አለ። መኪናም ይቆምበታል፣ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። ላሞቹ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። ደርሰው ይጮሃሉ፣ ይመታሉ ብዬ ስጠብቅ ኦቦ ቱሉ ዝም ብለው ወደ ግራ ራመድ አሉ። ዱላቸውን በግራ በኩል አየር ላይ ትንሽ አነሱ። ላሞቹ ወደ ቀኝ ታጥፈው እየተግተለተሉ በሩን ገቡ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ወደ ቀኝ እንዲሄዱ ወደ ግራ ሄዱ! በእርግጥም ሌላ እንዴት ይሆናል? ነጂ ከኋላ ነው፤ ፊት ያለውን ወደ ቀኝ ለመላክ በግራው መቆም አለበት። የእኔ ጋሽ በላቸው! ተሳቢውን ወደ ኋላ ስትገፊው እኮ እሱ ከፊትሽ ሆኗል፣ አንቺ ከኋላው ነሽ፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ ለመላክ ወደ ግራ ሂጂ ማለቱ ነበር። ዕድሜ ልኩን በእግሩ ያደረገውን ነገር ነበር የሚነግረኝ። እኔ ደግሞ ከብት ነድቼ የማላውቅ የከተማ ልጅ!

ኦቦ ቱሉም የወደቁት በዚሁ ነው። አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ሲያዩ የመኪናዋ ጅራት ከፊታቸው ሆነ። ጅራት ከፊታቸው ሲያዩ ደግሞ እጃቸው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትንሽ መኪና ግን ተሳቢ የላትም፤ ጅራቷ መሪው ወደዞረበት ነው የምትሄደው።

«ኦቦ ቱሉ፣ በሬ በገመድ ይዘው ከፊት ሆነው ሄደው ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም!»

«ወደ ቀኝ ሊወስዱት ሲፈልጉ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ወደ ቀኝ ነዋ። ይከተለኛል።»

«ገመዱን ይዘው ነገ ይምጡ።»

አያንቱ ከበሩ ላይ ሆና «ቲቸር፣ ደግሞ ገመድ ምን ያደርጋል?» አለች። «መኪና ልናስር ነው» አልኳት።

በማግስቱ ማሰልጠኛው ሳቅ በሳቅ ሆነ። የላም ገመድ ከመኪናዋ የኋላ መከላከያ ላይ አስሬ ለኦቦ ቱሉ ሰጠኋቸው። እኔ ማርሹን ነፃ አድርጌ፣ መሪውን እሳቸው ወደሄዱበት እያዞርኩ ፍሬኑን ለቀቅ እያደረግሁ፣ እሳቸው ወደ ኋላ እየጎተቱ፣ በእግራቸው በምሰሶዎቹ መሃል ገቡ። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ሥራ አስኪያጁ በመስኮት አየና መጋረጃውን ዘጋው፤ ጡረታ ልወጣ ነው፣ ምን ያደርገኛል? ደጋገሙት። ከዚያ መሪ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«አሁን እየነዱ አይደለም፣ ኦቦ ቱሉ። ወደ ኋላ ሲያዩ ገመድ ይዘው ከፊቷ ነዎት። እርስዎ ወደሄዱበት ትከተላለች።»

ቀስ ብለው ሄዱ። እጃቸው አንዴ ወደ ግራ ሊል ቃጣው፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ምሰሶዎቹ እንደቆሙ መኪናዋ መሃላቸው ገባች። ሞተሩን አጥፍተው ወደኔ ዞሩ።

«ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?» አሉኝ።

«ቀድሜ አላውቀውም ነበራ!»

በዚያ ሳምንት ተፈትነው አለፉ። ፈታኙ «አባት፣ ከዚህ በፊት ነድተው ያውቃሉ?» ቢላቸው «ከልጅነቴ ጀምሮ» አሉት። ውጤታቸውን ሲሰሙ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «በኛም ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ መንዳት ያው ነው። ከብትም ኦፉ ነው፣ መኪናም ኦፉ ነው። ማሎ፣ እንዴት ሳላስበው!» አሉ። አያንቱ ለቄራው ገዢ ደውላ ከብቱ እንደማይሸጥ ነገረችው። ስልኩን ዘግታ ስትስቅ አየኋት፤ እሷም ሲሸጡ ልታይ አልፈለገችም ነበር መሰለኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ከሰዓት ኦቦ ቱሉ ደውለው «ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» አሉኝ። ስደርስ ፒክአፑ ቅያሱ ውስጥ ቆሟል። ከኋላው አንድ ነገር ተቀጥሏል። ብየዳ ቤት ወስደው አሮጌ የፈረስ ጋሪ አሠርተው የላሞቹን ገለባና ፉርሽካ የሚጭኑበት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አድርገውታል። የመጋዘኑ ምሰሶ ትዝ አለኝ።

«አየሽ፣ ይቺ ደግሞ ትነዳለች!» አሉ። ገብተው፣ አንገታቸውን አዙረው፣ አንዴም ሳይሳሳቱ በዚያ ጠባብ በር ወደ ኋላ አስገቧት። ከዚያ መልሰው አወጧትና ወርደው ቁልፉን ዘረጉልኝ።

«እኔ ተሳቢ አልችልም፣ ኦቦ ቱሉ።»

«አስተማሪዬ አይደለሽም እንዴ?»

«አልችልም እኮ ነው የምልዎት። አንድ ጊዜ ሞክሬ ምሰሶ ሰብሬአለሁ። ጥፋቴ ለሌሎችም ተረፈ።»

ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ጋሽ በላቸው፣ ጓንቷን ስላወለቀችው ልጅ ቆመን ነገርኳቸው። ስጨርስ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡና ከተሳቢው በስተኋላ ሄደው የበራቸው ምሰሶ አጠገብ ቆሙ። «ሲሚንቶው የኔ ነው፣ ብትሰብሪው ሌላ አቆማለሁ» አሉ።

ገባሁ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። አንገቴን አዙሬ በኋላው መስኮት አየሁ። ተሳቢው ከፊቴ ነው። እኔ ከኋላው ነኝ። በሩ በስተቀኝ ነው። እጄ እንደ ድሮው ወደ ቀኝ ሊል ሲል ያዝኩት፤ ሲመሽ ያየሁትን የኦቦ ቱሉን ርምጃ አሰብኩና ትንሽ ወደ ግራ ሰጠሁት። ጅራቷ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረች! በጣም ስለደነቀኝ መመለሱን ረሳሁና ታጠፈች። ወደ ፊት ወጥቼ አቃናኋት። እንደገና። ቀስ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደሄደችበት ተከትሎ ማቃናት። ምሰሶው በመስተዋቱ አለፈ። ገለባ ሸተተኝ። ገብቻለሁ።

ሞተሩን አጥፍቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። ደስታ ነበር፣ ሐዘንም ነበር። ያቺን ልጅ ባገኛት ብዬ ተመኘሁ፤ ስሟን አስታውሳለሁ፣ የት እንዳለች ግን አላውቅም። ጋሽ በላቸው በዱላው አየሩን እየመታ «እንዲያ ነው!» ሲል ብሰማው ምን ነበረበት! ኦቦ ቱሉ መስኮቱን ቆርቆር አደረጉ።

«ምሰሶዬ አልተሰበረም» አሉ። «አሁን ወደ ወንድሜ ቤት እንሂድ፣ ላሞቹን ታያለሽ። ጋቢና ግቢ።»

ቁልፉን ሰጥቻቸው ወረድኩ። ጋቢናውን አልፌ ሄድኩ፣ ተሳቢው ላይ ወጣሁ፣ ጫፉ ድረስ ሄጄ የገለባው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ያንን የላም ገመድ አገኘሁና አጥብቄ ያዝኩት።

«ምን ልታደርጊ ነው እዚያ?»

«ምን እንደሚሰማ ልስማ ብዬ ነው» አልኳቸው። «ይንዱ።»